ቅሪተ ጥርስና ቅሪተ አጥንት፦ የዳይኖሰር የሰውነት ሙቀትና የጥንት አየር ንብረት ምስክሮች

እብናት፣ ደብረ ታቦርና በዙሪያቸው ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ የቆሙበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከተሰነጠቀ ምድር የፈሰሰ ቅልጥ አለት እየተደራረበ አነጠፈው፤ የጉና ተራራም ከዚያ ወዲህ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው። ዳይኖሰሮች፣ ከአእዋፍ በቀር፣ የጠፉት ግን የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ነው። ስለዚህ የእብናት ገበሬ ማረሻ የዳይኖሰር አጥንት አይነካም። የዚያን ዘመን ድንጋይ ማየት የሚቻለው ወንዝ ባዛልቱን ቆርጦ ወደ ታች በወረደበት ቦታ ነው።

ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ ያለው የጀማ ወንዝ ሸለቆ ነው። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በዚያ ከሚታየው የሙገር ጭቃ ድንጋይ የተገኙ የየብስ እንስሳት ቅሪቶችን እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ አደረጉ። በ2011 ደግሞ ሊ ሆልና ጉድዊን የዳይኖሰር ጥርሶቹን ለብቻቸው ገለጹ። ጥርሶቹ የኋለኛው ጁራሲክ ዘመን፣ የ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። የሥጋ በሎቹ ጥርስ ወደ ኋላ የቆለመመ ሲሆን ጠርዙ እንደ ማጭድ አፍ ደቃቅ ጥርስ ያወጣ ነው። ሙሉ አፅም ሳይገኝ ጥርስ ብቻውን መገኘቱ አያስገርምም፤ ዳይኖሰር ዕድሜ ልኩን ጥርስ እየቀየረ ይኖር ነበር። የሰሜን አሜሪካው ዲፕሎዶከስ አንዱን ጥርስ በ35 ቀን ገደማ ይተካ እንደነበር ተሰልቷል።

ተመራማሪዎች ከአጥንት ይልቅ ጥርስን የሚመርጡት የጥርሱን ላይ በሚሸፍነው ኢናሜል ምክንያት ነው። አጥንት ቀዳዳማ በመሆኑ የከርሰ ምድር ውኃ ዘልቆ ይለውጠዋል። ድፍኑና ጠንካራው ኢናሜል ግን እንስሳው ከጠጣው ውኃና ከበላው ምግብ ያገኘውን ኦክስጅንና ካርቦን ይዞ ይቆያል። ከባዱ ካርቦን 13 እና ከባዱ ኦክስጅን 18 በኢናሜሉ ውስጥ እርስ በርስ የሚጣመሩት ሰውነት ቀዝቀዝ ባለ መጠን በብዛት ነው፤ ጥንዶቹ ሲለኩ ጥርሱ ሲሠራ የነበረው የሰውነት ሙቀት ይገለጣል። ሮበርት ኢግልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚህ ዘዴ ከታንዛኒያው ተንዳጉሩ የተገኘን የብራኪዮሰረስ ጥርስ መርምረው 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አገኙ። ይህ ከአዞ ይልቅ ለዛሬዎቹ አጥቢዎች የሚቀርብ ሙቀት ነው። ተንዳጉሩና ጀማ የአንድ ዘመን ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሙቀቱ ብቻውን ግን ስለ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ስለሚለውጥበት ሂደት፣ የመጨረሻውን ቃል አይሰጥም፤ ግዙፍ አካል ሙቀትን በራሱ አምቆ ይይዛልና። እዚህ ላይ አጥንት ይረዳል። በስሱ ተቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የዕድገት መስመሮች ይታያሉ። በ2004 የታተመ ስሌት ቲራኖሰረስ ሬክስ በፈጣን ዕድገቱ ጊዜ በቀን 2 ኪሎ ያህል ይጨምር እንደነበር ያሳያል። መስመሮቹ ቀድሞ የቀዝቃዛ ደም ምልክት ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። በ2012 ግን ማይኬ ኮለርና ባልደረቦቿ ሞቃት ደም ያላቸው አመንዣኪ እንስሳትም ምግብ በሚያንስበት ወቅት እንዲህ ያለ መስመር እንደሚያወጡ አሳዩ፤ የድሮው ክርክር ትልቅ ምሰሶ ወደቀ። በ2022 ያስሚና ቪማንና ባልደረቦቿ በአጥንት ውስጥ የቀሩ የሜታቦሊዝም ውጤቶችን አጥንተው፣ ትሪሰራቶፕስንና ስቴጎሰረስን የመሳሰሉት የሜታቦሊዝም ፍጥነታቸው ወደ ቀዝቃዛ ደም እንስሳት ደረጃ ዝቅ ያለ እንደነበር ደመደሙ። ስለዚህ «ዳይኖሰር ሞቃት ደም ነበረው ወይስ ቀዝቃዛ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለውም።

ጥርስ የአየሩንም ታሪክ ይናገራል። በ2025 በዲንግሱ ፌንግ የተመራ ጥናት፣ በዳይኖሰር ኢናሜል ውስጥ ካለው ከትንፋሽ የገባ ኦክስጅን ተነስቶ፣ በኋለኛው ጁራሲክ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አራት እጥፍ ያህል እንደነበር አስልቷል።

ለእብናት የሚቀርበው ታላቅ የቅሪት ስፍራ፣ ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው ጭልጋ፣ የዳይኖሰር አይደለም፤ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው አጥቢዎች መገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጆን ካፕልማን፣ ሙሉጌታ ፈሰሃና ባልደረቦቻቸው የጥንት የዝሆን ዘመዶችንና አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩትን አርሲኖይተሪየም አስተዋወቁ። ከዝሆን ዘመዶቹ አንዱ ቺልጋቴሪየም ተብሎ በስፍራው ተሰይሟል። በዚያው የተገኙት የዘንባባና የሌሎች ዛፎች ቅሪቶች እንስሳቱ የኖሩበትን ደን ያሳያሉ።

በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ደግሞ የጥርስ ምስክርነት ወደ ሰው ዘመን ይጠጋል። በ2024 የታተመው የካፕልማን ቡድን ጥናት ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የኢንዶኔዥያው ቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጊዜ፣ በስፍራው የኖሩ ሰዎችን ይመለከታል። በእንስሳት ጥርስና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ያለው ኦክስጅን ረጅምና ደረቅ በጋ እንደነበረ አመለከተ። ከፍንዳታው በኋላ ድርቀቱ ሲብስ የሰዎቹ ምግብ ውስጥ የዓሣ ድርሻ ጨመረ፤ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው በየኩሬው ተወስኖ ለመያዝ ይቀል ነበርና።