ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ የማን ነው?

ቡታጅራን ለማየት ላሰበ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓለም ገና ላይ እንዳትተኙ። ከአዲስ አበባ በጅማ መስመር ስትወጡ መንገዱ እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥ ካላችሁ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፋችሁ ወልቂጤ ትገባላችሁ። ወደ ግራ ከታጠፋችሁ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻግራችሁ በጢያና በቡኢ በኩል ቡታጅራ ትደርሳላችሁ። ሁለቱም የጉራጌ ከተሞች ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ግን ተራራው ተጋድሟል።

የሁለቱ መንገዶች ታሪክም ይለያያል። የጅማውን በወረራው ዘመን ጣሊያን ሠራው፤ የፈለገው ጅማን ነበር፣ ወልቂጤ መንገድ ላይ ተገኘች። የግራውን ያሠራው ግን አዲስ አበባ የከረመ የጉራጌ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ሰፊ ስለነበር ወጣቱ ሸገር ገብቶ ሊስትሮ ሆነ፣ ተሸከመ፣ ነገደ። በመስቀል ግን ቤት መግባት ግድ ነው። መስቀል ደግሞ መስከረም 17 ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ፣ ጭቃው ያልደረቀበት፣ ወንዙም ያልጎደለበት ጊዜ። በዓመት አንዴ እናቱን የሚያይበት ወቅት መንገዱ ከሚከፋበት ወቅት ጋር ይገጥማል ማለት ነው። በእኔ እምነት የመንገዱን ሐሳብ ከየትኛውም የልማት ዕቅድ በላይ የገፋው ይህ ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሶዶ ክስታኔ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ የመንግሥት ድጋፍም ጨምረው፣ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ የሚያሠራ ማኅበር አቋቋሙ። የሰባት ቤት ጉራጌም በበኩሉ ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ተደራጀ። እድር የለመደ ሕዝብ ነውና መዋጮ አዲስ ነገር አልሆነበትም።

ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሄድ ጎብኚ ጢያ ላይ መውረዱ አይቀርም። በዩኔስኮ የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ናቸው፤ 32ቱ የተቀረጹ ሲሆኑ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል። ሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ታውቋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ በቀኝ የዘቢዳር ተራራ ይነሳል፣ በግራ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይዘቀዝቃል። ቡታጅራ እግሩ ሥር ነች፤ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት፣ መስቃን፣ ስልጤና ማረቆ የሚጎራበቱባት ከተማ።

ወሰኑ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ራሱን ችሎ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ምሥራቅ ጉራጌ የሚባል ዞን ተፈጠረ፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ስትቀጥል ቡታጅራ የአዲሱ ዞን ሆነች። በዚህ ሁሉ መሃል ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ የመስቃንና የማረቆ ግጭት የቅርብ ትዝታ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ በራሱ መተዳደር መፈለጉን አልነቅፍም፤ መብቱ ነው።

ግን የዚያን ማኅበር ስም ደግማችሁ አንብቡት። መዋጮውን የጀመሩት የሶዶ ሰዎች ናቸው፤ የስማቸው መጨረሻ ግን ቡኢም ቡታጅራም አይደለም። ስልጤን አልፎ፣ ሆሳዕናን አልፎ ወላይታ ይደርሳል። መንገድ ጎረቤት ደጅ ላይ ከቆመ መንገድ እንደማይባል ገብቷቸዋል።