አምስት የጥያቄ ምልክቶች

በ2009 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለሁ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ከጋዝጊብላ ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑ ልጆችን የሚያሰባስብ ትንሽ ማኅበር ነበራቸው። «አንተ ኮምፒውተር አይደል የምትማረው? የአባላቱን ስም የምንመዘግብበት ድረ ገጽ ሥራልን» አለኝ። ሁለት ሌሊት አድሬ ሠራሁት። ፒኤችፒ፣ ማይኤስኪዩኤል፣ ርካሽ ሆስቲንግ፣ አንድ ፎርም። እሱም ከደብተር እያነበበ መቶ ምናምን ስም አስገባ። ፎርሙ በየስሙ «ተመዝግቧል» ይለዋል። ዝርዝሩን የሚያሳየውን ገጽ የጨረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ስከፍተው በስም ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። «ወረዳ» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች «?????»። ቆጠርኳቸው፤ አምስት ናቸው። ጋ፣ ዝ፣ ጊ፣ ብ፣ ላ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ግን የኔ ብቻ አልነበረም፤ ከኔ በፊት የጀመረ ታሪክ አለው።

መጀመሪያ ላይ ድረ ገጽ ማለት እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ማንም ቢያየው ያው ነው፤ ካልቀየሩት አይቀየርም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የምናይበት ገጽ ግን እንደዚያ አይደለም። ቁጥራችሁን ስታስገቡ ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮድ ይነሳል፣ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ የእናንተን ውጤት ብቻ ይዞ ገጹን እዚያው ጽፎ ይልክላችኋል። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ለብዙኃኑ ካቀለሉት አንዱ ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ለርዶርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንተርኔት ላይ የሰቀለውን የሥራ ልምድ ማስረጃውን ማን እንደሚያየው ለማወቅ ጥቃቅን ፕሮግራሞች ጻፈ። በሰኔ 1995 ለሰው ሁሉ ለቀቃቸው፤ ፒኤችፒ ከዚያ ተወለደ። ማይኤስኪዩኤልም የዚያው ዓመት ልጅ ነው፤ ለስዊድን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ማይክል ዊዴንየስ በሴት ልጁ ስም ሰየመው።

ሁለቱም ሲጀምሩ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብለው ነበር። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ምልክት ነው። ለምዕራብ አውሮፓ ይበቃል፤ «ላቲን-1» የሚባለው የፊደል ሰሌዳ ለዚያ የተሰፋ ነው። የኛ ፊደል ግን ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 256 ውስጥ አይገባም።

የኛ ሰዎች ያኔ ዝም ብለው አልተቀመጡም። እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ኮድ ላይ ደርበው አስጻፉን። ለኅትመት ጥሩ ነበር። ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተው ግን የፈረንጅ ፊደል ትርምስ ነው። ዳታቤዝም ያንን ትርምስ እንጂ አማርኛውን አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ድረ ገጾች አማርኛውን እንደ ፎቶ ለጠፉት። ፎቶ ደግሞ ተነባቢ ነው እንጂ ተፈላጊ አይደለም፤ ስማችሁን ብትፈልጉ አታገኙትም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ የራሱን ቦታ አገኘ። በአገው ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያገለግለው ጘ ሳይቀር አብሮ ገባ፤ ኽምጣና ለሚነገርበት ለዋግ ኽምራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊደሉን ወደ ባይት የሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 ደግሞ በ1992 በኬን ቶምሰንና በሮብ ፓይክ ተነድፎ ነበር። በሱ አቆጣጠር አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። እናም «ጋዝጊብላ» ስንት ፊደል ነው ብላችሁ የፒኤችፒን የተለመደ መቁጠሪያ ብትጠይቁት 15 ይላችኋል። ከ10 በኋላ ቁረጥልኝ ብትሉት «ጋዝጊ» ብሎ የ«ብ»ን ሲሶ ያንጠለጥላል። ይህን ከሥሩ ሊያስተካክል የታሰበው ፒኤችፒ 6 በ2010 ሳይወለድ ቀረ።

ማይኤስኪዩኤል ከ2004 ጀምሮ ዩኒኮድን ይችላል። መቻል ግን ሌላ ነው፣ ሳይጠየቁ ማድረግ ሌላ። ካልቀየራችሁት በቀር ሠንጠረዡ በላቲን-1 ይከፈታል፤ ፊደል የሚደረድረውም በስዊድንኛ ተራ ነው። በስዊድንኛ! ይህ የተቀየረው በ2018 በወጣው ስሪት 8.0 ነው። የኔ ድረ ገጽ አንድ ዓመት ቀድሞ ነበር።

ከዚያ በፊት አማርኛ በሁለት ዓይነት በሽታ ይያዝ ነበር። አንደኛው ይድናል፦ ግንኙነቱም ሠንጠረዡም ላቲን-1 ከሆኑ ፊደሉ ትርምስ ይመስላል እንጂ ባይቶቹ አሉ፤ የሚያውቅ ሰው ይመልሳቸዋል። ሁለተኛው አይድንም። እኔ ግንኙነቱን ዩቲኤፍ-8 አድርጌ ሠንጠረዡን ረሳሁት። ዳታቤዙ ግዕዝ መሆኑን አወቀ፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ጽፎ ዋናውን ጣለው። ጭራሽ ባላውቅ ኖሮ ስሞቹ ይተርፉ ነበር። ከሰዎቹ ስም የቀረው ርዝመቱ ብቻ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እንዴት እንደምነግረው ጨንቆኛል። ሳቀብኝ። «ደብተሩ አለ አይደል እንዴ!» አለ። እንደገና እያነበበ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀን።

አሁን አዳዲስ ስሪቶች ግዕዝን ሳይጠየቁ ይቀበላሉ። ያላለቀ ሥራ ግን አለ፦ «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉት፣ እናንተ ካላስተማራችሁት በቀር ዳታቤዙ የለም ይላችኋል። አለ እኮ! ፈረንጅ ይህንን አያስብልንም፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ሰው ነው የሚጽፈው።

አዲስ ሥራ ስጀምር ሠንጠረዡ ውስጥ መጀመሪያ የማስገባው ቃል «ጋዝጊብላ» ነው። ቀጥሎ ጘ። ከዚያ ዝርዝሩን ከፍቼ ሳላይ አልተኛም። ደብተሩንም አልጥልም።