ስፒንስተር

አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ የእንግሊዝ ልቦለድ ስናነብ «ስፒንስተር» የምትል ቃል መጣችና ሳላስብበት «ቆሞ ቀር ማለት ነው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠች፣ በዕድሜ ከሌሎቹ በለጥ የምትል ተማሪ ግን አልሳቀችም። ከነከነኝና ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።

ቃሉ ለካ የሙያ ስም ኖሯል! «ስፒን» መፍተል ነው፤ «ስተር» በጥንቱ እንግሊዝኛ በተለይ ሙያተኛዋን ሴት ያመለክት ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዊሊያም ላንግላንድ በ«ፒርስ ፕላውማን» ሲጠቀምበት ስፒንስተር ሱፍ ፈታይ ናት። ፈትል ባል የሌላት ሴት ራሷን የምትችልበት ሥራ ነበርና፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ጸሐፊዎች ያላገባችውን ሁሉ፣ እንዝርት ነክታ ባታውቅም፣ ከስሟ ቀጥለው ስፒንስተር ይሏት ጀመር። በ18ኛው መሳለቂያ ሆነ። ያላገባው ወንድ ግን «ባችለር» እንደተባለ፣ እንደተከበረ ቀረ። (እንግሊዝና ዌልስ ሁለቱንም ቃላት ከጋብቻ መዝገብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።)

በማግስቱ ይህንኑ ለክፍሉ ተናግሬ ስሕተቴን አረምኩ። ያቺ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የኛው ቆሞ ቀርስ ጥንት ሙያ ነበር?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። አሁን ያልሳቅሁት እኔ ነበርኩ።