ኤፌሜራ፦ ውሎ አላፊ

የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ አይታችኋል። የደብተር ወረቀት ተቀዶ በጣት ስፋት ይቆራረጣል፤ የየአባሉ ስም ተጽፎበት ይጠቀለልና ሳህን ውስጥ ይገባል። አንድ ሕፃን እጁን ሰዶ አንዷን ያነሣል። የባለዕጣው ስም ተነቦ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲባል፣ የቀሩት ጥቅልሎች ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ ማምሻውን ይጠረጋሉ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ፈረንጆች «ኤፌሜራ» ይሉታል።

ቃሉ ግሪክኛ ነው። «ሄሜራ» ቀን ማለት ሲሆን፣ «ኤፒ» ከፊቱ ሲገባ «ለአንድ ቀን የሆነ» ይሆናል። አርስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ወንዝ ዳር ተወልዳ ሲመሽ የምትሞት አንዲት በራሪ ነፍሳት በዚህ ስም ትጠራለች። የወገኗ ሳይንሳዊ ስም ዛሬም ከዚያው የተወሰደ ነው። በውሃ ውስጥ ብዙ ወራት ታድጋለች፤ ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን አትበላም፤ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። በዛሬው ግሪክኛ ጋዜጣም «ኤፊሜሪዳ» ይባላል። ወደ ወረቀቱ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ሞሪስ ሪካርድስ የተባለ ሰው በእንግሊዝ የኤፌሜራ ማኅበር መሠረተ፤ ትኬት፣ የጥሪ ካርድ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ የሚሰበስቡ ሰዎች መገናኛ ሆነ።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ዕለታዊ» ቃል በቃል ይገጥማል፤ ግን እኛ ዕለታዊ የምንለው በየቀኑ የሚመላለሰውን ነው። «ጊዜያዊ» ቋሚው እስኪመጣ የሚያገለግል ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት ደግሞ ቋሚ የለውም። «ኃላፊ» ብንል አንባቢ የመሥሪያ ቤት አለቃ ይመጣበታል፤ ከ«አላፊ» ጋር ከአንድ ሥር መውጣቱን ማን ያስታውሳል? «አላፊ ጠፊ»ን ለዚህች ዓለም ሰጥተናታል፤ ለቁራጭ ወረቀት ይከብዳል።

እኔ የምመርጠው «ውሎ አላፊ»ን ነው። ሳያድር የሚመለሰውን «ውሎ ገብ» እንደምንለው፣ ቀኑን አገልግሎ የሚያልፈውን ወረቀት «ውሎ አላፊ» ብንለው ጆሮ አይጎረብጥም።

ስም የሚያስፈልገው፣ ስም የሌለውን ዕቃ ማንም ስለማያስቀምጠው ነው። አዋጅና ደንቡን መዝገብ ቤት ያኖረዋል። ሰው በስንት ሳንቲም አውቶቡስ እንደተሳፈረ፣ ዘመዱን ለሠርጉ በምን ቃል እንደጠራ የሚነግረን ግን ውሎ አላፊው ነው። መሳቢያችሁ ውስጥ የድሮ ትኬት ወይም የጥሪ ካርድ ካለ አትጣሉት፤ ጀርባው ላይ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጻፉበትና አኑሩት።