ከመመሪያ ወደ ምርመራ ክፍል፦ ብሔራዊ የጤና መመሪያዎችን ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ወደሚያገለግሉ መሣሪያዎች መለወጥ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ ብሔራዊ የጤና መመሪያዎች በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት መሣሪያ የሚሆኑበትን መንገድ ይመረምራል። ለዚህም የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምናን፣ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረውን የ«ፓክ» መርሐ ግብርና ከእርሱ ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ የተዘጋጀውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የሕክምና መመሪያ በአብነት ይወስዳል። ጽሑፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ፣ መሣሪያ ማዘጋጀት መመሪያን ከማሳጠር ያለፈ ሥራ ነው የሚል ነው፤ መመሪያው ሳይወስን ያለፋቸውን ጥያቄዎች መወሰንን ይጠይቃል። በመሆኑም ሥራው የመድኃኒት አቅርቦትን፣ የባለሙያን ሥልጣንና የሪፈር ሥርዓትን ከሚወስነው አካል ተነጥሎ ሊሠራ አይችልም።

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠበቃል፤ የከተማው ደግሞ 40,000። በገጠሩ ጤና ጣቢያ ሥር ያሉት ጤና ኬላዎች እያንዳንዳቸው ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት ይሰጣሉ። በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚያክሙት በአብዛኛው ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ናቸው። ይህ አካሄድ ሥር የሰደደ ታሪክ አለው፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ያሠለጥናቸው የነበሩት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ አወረደው።

የእውቀቱ አወራረድ ግን ከአገልግሎቱ አወራረድ ጋር እኩል አልሄደም። ቲቢ የራሱ ብሔራዊ መመሪያ አለው፤ ኤችአይቪ የራሱ፣ ወባ የራሱ፣ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የራሳቸው። እያንዳንዱ መመሪያ በዘርፉ ሊቃውንት በጥንቃቄ ተዘጋጅቷል። በጤና ጣቢያው ተመላላሽ ክፍል ግን እነዚህ ሁሉ በአንዲት ነርስ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ታካሚ በር ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ ወፍራም መጽሐፍ ማገላበጥ የማይሞከር ነው። ስለዚህ ባለሙያው በልማድ ያክማል፤ መመሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለዚህ ባለሙያውን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ጉድለቱ ከመጽሐፉ አደረጃጀት የመጣ ነው።

2. በበሽታ የተደራጀ መመሪያ፣ ምልክት ይዞ የሚመጣ ታካሚ

ብሔራዊ መመሪያ የሚጀምረው ከበሽታው ስም ነው። ታካሚ ግን «ያስለኛል»፣ «ያዞረኛል»፣ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ብሎ ይመጣል። የሚያስል ሰው ቲቢ፣ አስም፣ የሳምባ ምች፣ የልብ ድካም ወይም ተራ ጉንፋን ሊኖረው ይችላል። ባለሙያው ትክክለኛውን መመሪያ ለመክፈት አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ አለበት፤ ይህ ደግሞ መመሪያው ሊያግዘው የሚገባው ዋናው ነገር ነበር።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው መርሕ፣ መሣሪያው ከምልክት መነሳት አለበት የሚል ነው። በሳል ገጽ አናት ላይ አፋጣኝ እርዳታ የሚሹት አደገኛ ምልክቶች ይቀመጣሉ፦ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም መትፋት፣ ራስን መሳት። ቀጥሎ ሳሉ የቆየበት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ የአክታ ምርመራ ይታዘዛል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ምክንያቶች ይኬዳል። አስም ወይም ቲቢ መሆኑ ሲረጋገጥ ገጹ ወደ ቋሚ ክትትሉ ይመራል። ከአራት መጻሕፍት የተወሰደው እውቀት በአንድ ገጽ ላይ በሥራው ቅደም ተከተል ይሰለፋል።

ይህ አደረጃጀት በተለይ የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ ወሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤናን ከመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ጋር ለማቀናጀት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ ጭምር በሥራ ላይ ተፈትኗል። በአካባቢው የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት በድብርት የሚሠቃዩ አብዛኞቹ ታካሚዎች ሕመማቸው ሳይለይ ይመለሳሉ። ታካሚው የሚናገረው ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ድካምና ስለ ራስ ምታት ነው። «ድብርት» የሚል ምዕራፍ ብቻ ያለው መጽሐፍ ለዚህ ታካሚ ፈጽሞ አይከፈትም። የድብርት ጥያቄ በድካምና በራስ ምታት ገጾች ውስጥ ሲገባ ግን ባለሙያው ሳይፈልገው ያገኘዋል።

3. የሕፃናት ሕክምና ተሞክሮ

በዚህ ረገድ ቀደምት የሆነው ሥራ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያዘጋጁት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምና ነው። ኢትዮጵያ ከቀደሙት ተቀባዮች አንዷ ነበረች። በዚህ አሠራር የሳምባ ምችን ለመለየት ራጅም ሆነ የልብና የሳምባ ማዳመጫ አያስፈልግም፤ የሕፃኑን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ይበቃል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ውጤቱ በቀለም ይመደባል፦ ሮዝ አስቸኳይ ሪፈር፣ ቢጫ በጤና ተቋሙ የሚሰጥ ሕክምና፣ አረንጓዴ የቤት ክብካቤ።

የዚህ መሣሪያ ብርታት ከቀለሙ ይልቅ ከኋላው ባለው ውሳኔ ላይ ነው። «ፈጣን ትንፋሽ ካለ አንቲባዮቲክ ስጪ» የሚለው መስመር በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንቲባዮቲክ የመስጠት ሥልጣን አላት ወይ? ለዓመታት መልሱ «የላትም» ነበር። እናት ሕፃኗን ይዛ ወደ ኬላው ስትመጣ የሚሰጣት የሪፈር ወረቀት ነበር፤ የጤና ጣቢያውም መንገድ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ፖሊሲው ተለውጦ የሳምባ ምች ሕክምና በጤና ኬላ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ኬላው ላይ የተለጠፈው አንድ መስመር ከፖሊሲ ለውጡ ጋር አብሮ ባይመጣ ኖሮ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

4. ከፍሪ ስቴት ወደ ኢትዮጵያ

ከአምስት ዓመት በላይ ላሉት ታካሚዎች ተመሳሳይ መሣሪያ የተገኘው ዘግይቶ ነው። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሳምባ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የእውቀት ሽግግር ክፍል «ፓልሳ» የተባለውን የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች መሣሪያ ለነርሶች አዘጋጀ። መሣሪያውና ሥልጠናው በደቡብ አፍሪካ የፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር በ40 ክሊኒኮች በዕጣ በተመደበ ሙከራ ተፈትነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ሥልጠናው ከተሰጠባቸው ክሊኒኮች ታካሚዎች 6.4 በመቶ የሚሆኑት ቲቢ እንዳለባቸው ሲታወቅ በሌሎቹ 3.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአክታ ምርመራ የታዘዘላቸው ታካሚዎች ድርሻ ግን በሁለቱ ወገን ተቀራራቢ ነበር፦ 22.6 እና 19.3 በመቶ። እንደ እኔ አረዳድ መሣሪያው ያተረፈው ምርመራን በማብዛት ሳይሆን ትክክለኛውን ታካሚ በመምረጥ ነው። በጀት ለሚያጥረው ጤና ጣቢያ ይህ ልዩነት ትልቅ ዋጋ አለው።

ሥራው ቀጥሎ ኤችአይቪን፣ ከዚያም የደም ግፊትን፣ የስኳር ሕመምን፣ የአእምሮ ጤናንና ሌሎችን እየጨመረ «ፓክ» ወደሚባለው ሙሉ መሣሪያ አደገ። በዚያው ክፍለ ሀገር በ31 ክሊኒኮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሌላ ሙከራ፣ ሠልጥነውና ተገቢው ድጋፍ ተደርጎላቸው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናን የሚያስጀምሩና የሚከታተሉ ነርሶች ከሐኪሞች ያላነሰ ውጤት እንደሚያስመዘግቡ አሳየ።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ይህን መሣሪያ ከኬፕ ታውኑ ቡድን ጋር በመተባበር ከአገሪቱ መመሪያዎች፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የሪፈር ሰንሰለት ጋር አስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2017 አወጣው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆችንና 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚመለከተው ይህ መመሪያ ለጤና ጣቢያ የተዘጋጀ ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ለነባሩ የሕፃናት ሕክምና ይተዋል። የሚጀምረውም ከምልክት ነው።

5. መሣሪያው የሚያስገድዳቸው ውሳኔዎች

መመሪያን ወደ መሣሪያ የሚቀይር ቡድን ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ አንድ ገጽ እንኳ ማጠናቀቅ አይችልም።

የመጀመሪያው «ማን?» ነው። «ሕክምናው ይጀመር» የሚል ዓረፍተ ነገር ባለቤት የለውም። የደም ግፊት መድኃኒት የምታስጀምረው ነርሷ ናት ወይስ ጤና መኮንኑ? ሁለተኛ መድኃኒት የሚጨምረውስ ማን ነው? መልሱ ካልተጻፈ ኃላፊነቱ ከክፍል ወደ ክፍል ሲንከባለል ታካሚው ቤቱ ይገባል።

ሁለተኛው «በምን?» ነው። ለአስም በየዕለቱ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት ዋና ሕክምና መሆኑን ማንም አይክድም። ጤና ጣቢያው ያለው ሳልቡታሞል ብቻ ከሆነ ግን ገጹ የሚያዘው ነገር በእጅ የለም። ያኔ ሁለት አማራጭ አለ፦ ወይ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ የመድኃኒት ዝርዝር ገብቶ ግዢው ይፈጸማል፣ ወይ ገጹ ታካሚው የት እንደሚያገኘው ይናገራል። ዝም ብሎ ማለፍ አማራጭ መሆን የለበትም። መጋዘን ውስጥ የሌለ መድኃኒት የሚያዝ ገጽ የባለሙያውን እምነት ያሳጣል፤ አንዴ የከዳውን መጽሐፍ ደግሞ አይከፍተውም።

ሦስተኛው «ከዚያስ?» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። መመሪያው «በድጋሚ ልኬት ይረጋገጥ» ይላል። መሣሪያው ግን ታካሚው መቼ እንደሚመለስ፣ ከቀረ ማን እንደሚፈልገው፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለ በኋላ ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያው እንዴት እንደሚመለስ መናገር አለበት። ሕይወት ሙሉ የሚቀጥል ሕክምና በአንድ ቀን ካርድ አያልቅም።

እነዚህ ውሳኔዎች በአማካሪ ወይም በአታሚ ሊሰጡ አይችሉም። ሥልጣኑ ያለው ሚኒስቴሩ፣ የመድኃኒት አቅርቦቱን የሚያስተዳድረው ተቋምና የክልል ጤና ቢሮዎች ዘንድ ነው። ገጹን የሚፈትነው ግን በጤና ጣቢያው የሚሠራው ባለሙያ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ የሚወጣው ጽሑፍ ያማረ እንጂ የሚሠራ አይሆንም።

6. ሥልጠናው የት ይሰጥ?

የተለመደው ሥልጠና ከየጤና ጣቢያው አንድ ሰው ወደ ከተማ ጠርቶ ለቀናት አዳራሽ ውስጥ ማስተማር ነው። ያ ሰው ሲዛወር እውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ሥልጠናው ላይ በቆየባቸው ቀናትም ክፍሉ ባዶ ነው። የአበል ወጪውም ቀላል አይደለም። የፓክ ተሞክሮ ሥልጠናውን ወደ ሥራ ቦታው ያመጣል፦ አጫጭር ክፍለ ጊዜያት፣ በእውነተኛ ታካሚ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ልምምድ፣ የተቋሙ ባለሙያዎች በሙሉ በአንድነት። ነርሷ፣ ጤና መኮንኑ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያው አንዱን ገጽ አብረው ሲያነቡ አሠራራቸው ይናበባል። የአክታ ምርመራ ውጤት ለምን በሦስተኛው ቀን እንደሚደርስ የሚወያዩት እዚያ ነው። ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ድጋፋዊ ክትትልም መዝገብ ከመቁጠር አልፎ ከባለሙያው ጋር ታካሚ ማየትን መጨመር ይኖርበታል።

7. እድሳት

የሕክምና እውቀት ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና መጀመሪያ የሆነውን የሲዲ4 ልክ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው፤ በ2015 ደግሞ ገደቡን አንስቶ ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉ እንዲታከሙ መከረ። በሕፃናትም እ.ኤ.አ. በ2014 ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ ሌላ አደገኛ ምልክት ግን የሌለው ሕፃን በተመላላሽነት በአፍ በሚወሰድ አሞክሲሲሊን እንዲታከም ምደባው ተሻሽሏል። ግድግዳው ላይ የቀረው አሮጌ ሠንጠረዥ ግን ይህን ሕፃን ዛሬም ወደ ሩቅ ሆስፒታል ይልከዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ የወጣበትን ዓመት፣ የሚታደስበትን ጊዜና ኃላፊውን ክፍል መያዝ አለበት፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ከግድግዳ ይነሳ። ዲጂታል መሣሪያ ይህን ሥራ ያቀላል፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ወረቀቱ መቅረት የለበትም።

8. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

የሕክምና መሣሪያ ከክትባት ማቀዝቀዣና ከላቦራቶሪ ኬሚካል እኩል የአገልግሎት መሠረት ነው፤ እንደ እነርሱ ቋሚ በጀትና ቋሚ ባለቤት ይገባዋል። በዚህ መሠረት ሦስት ነገሮችን እመክራለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም አዲስ ብሔራዊ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት የትኛውን የጤና ጣቢያ ገጽ እንደሚለውጥ፣ ማን እንደሚያከናውነውና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ያሳይ። ሁለተኛ፣ የጤና መኮንንና የነርስ ተማሪዎች በኋላ የሚሠሩበትን መሣሪያ በትምህርት ዘመናቸው ይማሩበት። ሦስተኛ፣ ስኬት በታተመ ቅጂና በሠለጠነ ሰው ብዛት መመዘኑ ቀርቶ ታካሚው ባገኘው ሕክምና ይመዘን፦ ሁለት ሳምንት ካሳሉት ስንቱ አክታቸው ተመረመረ? ከፍተኛ ግፊት ከተገኘባቸው ስንቱ ከስድስት ወር በኋላ በክትትል ላይ ናቸው?

እነዚህ ጥያቄዎች ከጤና ጣቢያው መዝገብ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። መልሱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ የሚታረመው በመጀመሪያ ገጹ፣ አቅርቦቱና ድጋፉ ይሁን፤ ባለሙያውን መጠየቅ የሚቻለው የሚሠራበት ነገር በእጁ ከተሰጠው በኋላ ነው።