በኅዳር በሽታ ጊዜ የተረፉትና የቀበሩት



ኅዳር 12 በደረሰ ቁጥር በየደጃችን ጥራጊ ሰብስበን እሳት ስንለኩስ ልጆቻችን ምክንያቱን ይጠይቁናል፤ እኛም «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» ብለን እናልፋቸዋለን። ይህ ግን መልስ አይደለም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን አባቶቻችንና እናቶቻችን ስላለፉበት ስለዚያ ክፉ ጊዜ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ነገሩ የቀብር ነገር ስለ ሆነ ከማንም ይልቅ ዕድርተኛን ይመለከታልና።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ የቆመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። አውሮፓ ደወል እየደወለ ሲደሰት አዲስ አበባ ሬሳ ታወጣ ነበር። ሕዝቡ ወሩን ይዞ «የኅዳር በሽታ» አለው እንጂ በሽታው በዚያን ዘመን ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ በመላው ዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበርና በሽታውም እንደ ሸቀጡ ተሳፍሮ ሳይመጣ አልቀረም። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነበር። ቢበዛስ ምን ያደርጋል? ፔኒሲሊን እንኳ የተገኘው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ እሱም ቢሆን ተከትሎ ለሚመጣው የሳንባ ምች እንጂ ለበሽታው ለራሱ አይሆንም።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ አለመምረጡ ነው። ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያለውን ጉልበተኛ ሳይቀር ይጥለው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ለዘመድ መርዶ የሚያደርሰው እሱ ነው። እሱ ሲወድቅ ሬሳ ቤት ውስጥ ይቀራል። ትልልቆቻችን ሲያወሩ እንደ ሰማነው ካህኑም ታሞ ፍትሐት የሚያደርስ ጠፋ፤ አንዱ ጉድጓድ ለብዙ ሰው ሆነ፤ ጥልቀቱም ከጉልበት ሳያልፍ አፈር ይመለስበት ነበር። ማታ ደግሞ ጅብ ይመጣል። ከዚህ በላይ መዘርዘሩ ለማንም አይበጅም፤ እንለፈው።

ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ መኰንን የ26 ዓመት ሰው ነበሩ። እሳቸውም ታመዋል። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው መሞቱን፣ እሳቸው ግን በጽኑ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት መትረፋቸውን ጽፈዋል። ሁለቱ ነገር ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው። ይህን በዕድራችን ስብሰባ ስናነሣ አንዳንዱ አባል ይከፋዋል፤ «እነዚያ አሥር ሺዎቹስ አልጸለዩም እንዴ?» ይላል። ጥያቄው ድፍረት አይደለም። ጸልየዋል እንጂ፤ ምናልባትም ከተረፉት አብልጠው።

እኛ እንደሚመስለን «እግዚአብሔር ማረን» ማለት «እነሱን ጣላቸው» ማለት አይደለም። የሰፈራችን አሮጊቶች ያንን ዘመን ሲያነሡ ልብ ብላችሁ ከሆነ «ማረን» ብለው አያቆሙም ነበር፤ «ማረንና ቀበርን» ነበር የሚሉት። ከእነሱ አንዷ ስለ አባታቸው ሲነግሩን ትኩሳቱ በለቀቃቸው በሦስተኛው ቀን፣ ገና እግራቸው እየተብረከረከ፣ ዶማ ይዘው ወጡ አሉ። የቀበሩት ዘመድ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር ለሥራ የመጣ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቁት ጎረቤት ነው። ሚስታቸው «አንተ ሰው፣ ትሞታለህ እኮ!» ብትላቸው «ታዲያ ለምን ተነሣሁ?» ብለው መለሱላት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ቁፋሮው አዳናቸው ለማለት ግን አይደለም፤ ቆፍሮ የሞተም አለ።

ዕድር ከዚያ በሽታ ተወለደ ለማለትም አይደለም። በከተማችን ዕድር እየበዛ የሄደው ከዚያ በኋላ፣ ይልቁንም ከጣሊያን ወረራ ጊዜ ወዲህ ነው። ሆኖም ሬሳ ያለ ቀባሪ ሲቀር ምን ማለት እንደ ሆነ ያየ ትውልድ የዕድር መዋጮ ሲጠየቅ ብዙ አያንገራግርም።

እኛስ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን በገባ ጊዜ የ1911ዱ ነገር ተረት መሆኑ ቀረ። ድንኳኑ በመጋዘን ተቆለፈ፤ ንፍሮው ቀረ፤ ጡሩምባ ነፊያችን ሥራ ፈታ፤ ለቀስተኛው በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ለቀብር የወጡት ጥቂቶች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ተራርቀው ቆሙ። እንደዚያም ሆኖ ያን ጊዜ ከአባሎቻችን ሳይቀበር ያደረ የለም፤ ለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጭሱ ለሳንባ ስለማይበጅ ዘንድሮ ጥራጊውን ባናቃጥለውና ሰብስበን ለጽዳት ሠራተኞች ብናስረክብ ይሻላል። በ1911 ዓ.ም. ፍትሐት ሳይደርስላቸው ለተቀበሩት ግን ጸሎት እንዲደረግ ከካህናቱ ጋር ተነጋግረናል፤ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ኑ።