ከምጽዋ እስከ ማራ ወንዝ

ስሙኝማ! ፈረንጅ ካሜራውን አንግቶ ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ ድረስ የሚሄድለት የዋይልድቢስት መንጋ ነገሩ የሚጀምረው ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከምጽዋ ነው። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ፦ 1887። ጣሊያን ለጦሩ ያስመጣው ከብት ደስታ የተባለውን በሽታ ይዞ ገባ። በሽታው ደጋውን ሲወጣ በሬ አላስተረፈም። ክፉ ቀን ሆነ፤ ገበሬው ጥማድ አጣ፤ አጼ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ አንስተው ቆፈሩ ይባላል።

አያቶቻችን ያወሩልን እዚህ ድረስ ነው። በሽታው ግን ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይ አርብቶ አደሮችን ከብት ፈጀ፤ ጎሹንና ዋይልድቢስቱንም አልማረ። በ1892 ከሴሬንጌቲ ጎን ያለው ንጎሮንጎሮ የደረሰው ኦስትሪያዊው ኦስካር ባውማን ያገኘው አጥንታቸው የገጠጠ ማሳዮችን ነበር።

ከዚያማ ዘመን አለፈ። የፍራንክፈርት መካነ እንስሳት ኃላፊ በርንሃርድ ግርዚሜክና ልጁ ሚካኤል እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረች ትንሽ አውሮፕላን ይዘው ሴሬንጌቲ መጡ። በ1958 መንጋውን ከሰማይ ቆጠሩት፤ ዋይልድቢስቱ መቶ ሺህ እንኳ አልሞላም። በዓመቱ ጥር ላይ ሚካኤል ብቻውን ሲበር አውሮፕላኑ ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጭቶ ተከሰከሰና ሞተ። የተቀበረው እዚያው ንጎሮንጎሮ አፋፍ ላይ ነው።

መንጋውን ያበዛው የከብት ክትባት ነው። የማሳይ ላሞች ሲከተቡ በሽታው ዱሩንም ለቀቀ፤ ዋይልድቢስቱን ማንም መርፌ ሳይወጋው! በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሚሊዮን አለፈ። ጎብኚው «ከፍጥረት ጀምሮ እንዲህ ነበር» እያለ የሚደመምበት ሜዳ የከብት ሐኪም ሥራ ነው፤ እኔ ብሆን ለዚያ ሐኪም ሐውልት አቆምለት ነበር።

አሁን ነሐሴ ነው፤ መንጋው በሚሻገርበት ማራ ወንዝ ዳር ነን እንበል። የበሬ ቀንድ ከፈረስ ጭራ ያጣመረው እንስሳ ጢሙን እያንዘረፈፈ አፋፉ ላይ ይከማቻል። አቧራው ይጨሳል። ግር ብሎ ይመጣል፣ ውኃውን ያሸታል፣ ደንብሮ ይመለሳል። ላንድክሩዘሮቹ ሞተር አጥፍተው ይጠብቃሉ፤ ሾፌሮቹ በሬዲዮ በስዋሂሊ ይነጋገራሉ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ድንገት አንዱ ዘሎ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ይወድቃል፣ ጥጃው እናቱን ይጣራል፣ አዞው ከተጋደመበት ይንሸራተታል። ሆኖም ከአዞው ይልቅ ብዙውን የሚፈጀው መስጠምና መረጋገጥ ነው።

የተረፈው ውኃውን አራግፎ ሣሩን መንጨት ይይዛል። ከዚያ፣ ሳያዩት አይታመንም፣ ጥቂቱ ዞር ይልና እዚያው አዞ ፊት ወደ መጣበት ዳር ይዋኛል!